ናፍጣና ጤና አዳም የሸተተው በርሜል

እኔ ጅብ ሲጮህ እንኳ «ርቦት ነው» ብዬ ተገልብጬ የምተኛ ሰው ነኝ፣ መንፈስ ምናምን የሚያወራ ሲገጥመኝ ሳቄ ነው የሚቀድመኝ፣ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ብትስቅብኝ አልቀየምህም።

ሥራዬ ቡሬ ነው፣ አሮጌ ጀሪካን ፈጭተን አቅልጠን ሳፋና በርሜል የምንሠራበት ቤት። ፕላስቲክ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል እንጂ የያዘውን ነገር ይጠጣል፣ ብታጥበው ብታጥበው ውስጥ ውስጡን ይዞት ይቀራል፣ ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ መልሶ ይተፋዋል፣ ዘይት በለው ሳሙና በለው የአረም መድኃኒት በለው፣ ሁሉንም በአፍንጫዬ ለይቼ አውቀዋለሁ።

ታላቅ እህቴ፣ እታለም ነው የምላት፣ የምትኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባሏ አያ ይልቃል ወንዝ ዳር በውኃ ሞተር ሽንኩርት ያለማ ነበር፣ ልብሱ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ናፍጣው ራሱን ሲያዞረው ከደረት ኪሱ ጤና አዳም አውጥቶ ያሸታል። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሲሞትባት የናፍጣ ጀሪካኖቹን ማየት አቃታትና ለቁራሌው ሰጠቻቸው፣ ቁራሌው ደግሞ የሰበሰበውን የሚሸጠው ለኛ ቤት ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ታዲያ ከኛ ቤት አንድ አዲስ በርሜል ይዤላት ሄድኩ፣ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ እንድትይዝበት ብዬ፣ እሷ ግን ለጠላው ፈለገችው፣ ጎረቤት ልጠይቅ ወጣ ባልኩበት ልክ እንደ ጋን ልታጥነው የወይራ ጭስ ላይ ደፋችው።

ስመለስ የበርሜሉ አፍ ለስልሶ ጠመም ብሏል። መጀመሪያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ ናፍጣ፣ እስከዚህ ድረስ ለሁሉም መልስ አለኝ። ከዚያ ጤና አዳም መጣ። እመነኝ፣ አሁን የተቀነጠሰ ጤና አዳም ነው፣ ግቢዋ ውስጥ ደግሞ አንድ እግር እንኳ የለም፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነቅላ ጥላዋለች።

«ወንድምዓለም፣ ሰማህ?» አለችኝ።

በርሜሉ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ እንደሚንጫጫ አውቃለሁ፣ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፣ ነገር ግን አያ ይልቃል ጀሪካኑ ውስጥ ምን ያህል ናፍጣ እንደቀረ ለማወቅ በጣቱ አንጓ ከላይ ወደ ታች የሚያንኳኳው ልክ እንዲህ ነበር። ድምፁ ሲወርድ በዓይኔ ተከተልኩት፣ ፈራሁ፣ ደግሞም ናፈቀኝ።

«ጠላውን እዚሁ ነው የምገለብጠው» አለች እታለም። «በገዛ ድግሱ ይገኝ።»

«ተይ እታለም፣ ይህ የናፍጣና የመድኃኒት ትፍ ነው፣ ጠላው ውስጥ ይገባል። የነፍስ አባትሽ አባም ይጠጣሉ፣ ጎረቤቱም ይጠጣል፣ ሰው ይታመምብሻል።»

«እሱ በዕድሜው ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

«ማንንም። በስሙም ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ነው።»

ወይራው ላይ ውኃ ደፋችበት። «እሺ፣ ጋን ከአባ ቤት እዋሳለሁ። ክዳኑን ግን ግጠምልኝ፣ ሽታው እንዳይወጣብኝ።»

አፉ ጠሟልና ክዳኑን በስንት ትግል ገጠምኩት። ድግሱ በውሰት ጋን በሰላም አለፈ፣ በርሜሉም ባዶውን ጓዳዋ ውስጥ ቀረ።

ለፋሲካ ስሄድ እዚያው ቆሟል፣ ክዳኑ ላይ አቧራ ተኝቶበታል፣ ማንም እንዳልከፈተው ያስታውቃል። እታለም ወደ ጓሮ ወጣ ስትል እጄ አላስቻለኝም፣ እንደ እሱ በጣቴ አንጓ ከላይ ጀምሬ አንኳኳሁት። ላይ ላዩ ባዶ ነው፣ ይጮኻል። ወገቡ ጋ ስደርስ ድምፁ ታፈነ፣ ውስጡ አንድ ነገር እንዳለበት ዕቃ። ዝቅ ብዬም አንኳኳሁ፣ እስከ ታች ያው ነው።

ዞር ስል እታለም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ለካ ስታየኝ ቆይታለች።

«እንዳትከፍተው» አለችኝ ቀስ ብላ። «በጥምቀት ጊዜ ሳንኳኳው የታፈነው ታች ከሥሩ ብቻ ነበር።»