የፈንዲሻ ዓሣዎች

በዚያ ሰፈር ባትሪ ጠጋኙን የማያውቅ ካለ ትናንት የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ የሞተ ባትሪውን ታቅፎ ወደ እሱ ይጎርፋል፤ የመኪናውን፣ የሶላሩን፣ የወፍጮ ቤቱን። «ጋሼ፣ ይሄ እንኳን አልቆለታል» ሲሉት «ማን? እሱ? ራሱን ስቶ ነው እንጂ! ነገ በእግሩ ይመጣላችኋል» እያለ ያስቃቸዋል። የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ሳይቀር መብራት ሲጠፋ የሚቀዘቅዘው እሱ በጠገነው ባትሪ ነበር። የሰፈሩ ልጆች በኩፍኝ ካላለቁ የእሱም እጅ አለበት፤ ይህን ደግሞ ሰው ባይነግረውም ራሱ ያውቀዋል፣ ይኮራበታልም። ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ መኖሪያ። ከኋላ ጠባብ ጓሮ አለች። አሮጌ ባትሪ ሲፈታ ከሆዱ ግራጫ ብረት ይወጣል፣ እርሳስ ይሉታል፤ ያንን በከሰል ምድጃ ላይ በተሰነጠቀ የብረት ድስት አቅልጦ እንደገና ማፍሰስ ሥራው ነው። ጭሱ በጓሮ ይነሳና በመስኮት ዞሮ ይገባል። ሚስቱ መጋረጃውን ታጥባለች፣ እንደገና ይጠቁራል፣ እንደገና ታጥባለች። ክፉ ነገር ሁሌ በሩን አንኳኩቶ የሚገባ ይመስለናል አይደል?

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስም ወጥቶላት ነበር፣ ግን ማን ያስታውሰዋል? ሳቋ ከተነሳ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ጧ ጧ እያለ ቤቱን ስለሚሞላው ሁሉም ፈንዲሻ ይሏታል። አመሻሹ ላይ አባቷ ሱቁን ዘግቶ ሽርጡን ደጃፉ ላይ ሲያራግፍ ከጓሮ ሮጣ መጥታ ጭኑ ላይ ዘፍ ትላለች፤ ፊቷን ሽርጡ ውስጥ ትቀብርና ታሸተዋለች። «እስቲ ፈንዳ በይልኝ!» ይላታል። ትፈነዳለች። እናቷ ከበሩ ቆማ «ኧረ መጀመሪያ ታጠብ አንተ ሰውዬ!» ትለዋለች። «ሳላቅፋት ውሃ እንዴት ይነካኛል?» ይላል። ይህ ቃል ኋላ ስንት ጊዜ እንደሚያንገበግበው ያኔ ማን ያውቃል!

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ደስታ አለ። ከድስቱ ግርጌ የቀረችውን ጠብታ እርጥብ አሸዋ ላይ በጣቱ ባወጣው ቅርጽ ያፈስስና ለልጁ ዓሣ ይሠራላታል። ክንፍ አላት፣ ጅራት አላት፣ በምስማር የተወጋች ዓይን አላት። ፈንዲሻ ዓሣዎቿን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታደርጋለች፤ ስትተኛ አንዷን አፏ ውስጥ ታደርጋለች። «ይጣፍጣሉ» ትላለች። ወላጆቿም ይስቃሉ። አንድ ቀን አባቷ ውሃ በርሜሉ ሥር በማንኪያ አፈር ስትቆፍር አገኛት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አንዷን እየተከልኳት ነው አባዬ። ውሃ ስትጠጣ ትወልዳለች።»

«አይ የኔ ገበሬ!» ብሎ ራሷን ዳበሳት።

መጀመሪያ ያለቁት ጓሮው ውስጥ የሚለቅሙት ዶሮዎቻቸው ናቸው። አንገታቸውን እየደፉ ሁሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቁ፤ «በሽታ ገባባቸው» ተባለ፣ ተረሳ። ቀጥሎ እናትየው አረገዘች፣ ጨነገፈባት። እንደገና አረገዘች፣ እንደገና ወረደባት። «ማህፀኔ ምን በደለ?» እያለች ስታለቅስ የባሏን ልብስ በመዘፍዘፊያ እያሸች ነበር፤ ግራጫው ውሃ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ባልየውም ቢሆን የቀኝ እጁ አንጓ መላላት ጀምሯል። አንድ ቀን ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ሲሰበር «እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ስባሪውን በግራው ለቀመ። አንድ ሰው እንኳ እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ያያቸው የለም!

ከዚያ ሆዷን አመማት፣ ፈንዲሻን። የትል መድኃኒት ተሰጣት። አልለቀቃትም። ፊቷ ገረጣ፣ ምግብ ጠላች፣ በትንሽ በትልቁ ታለቅሳለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትዘፍነውን መዝሙር መሃል ላይ ትረሳውና ፍዝዝ ብላ ግድግዳ ታያለች። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ እናቷን ጠርታ «ይቺ ልጅ የዛሬ ዓመት ቁጥር ትቆጥር ነበር፤ አሁን ስጠራት ስሟን የሰማች አትመስልም» አለቻት። እናት ቤቷ እስክትደርስ መንገዱን በእንባ ጨረሰችው። ያ ሳቅስ? በቀን አንዴ ሆነ፤ ከዚያ በሳምንት አንዴ... ከዚያ ቤቱ ዝም አለ።

የጤና ባለሙያዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ስለ ፍሪጁ ባትሪ ስትመጣ ከባትሪ ጠጋኙ ጋር ቀልደው የሚለያዩ ወዳጆች ናቸው። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ የታመሙ ልጆች ስለበዙ የሁሉንም ደም ከጣታቸው ጠብታ ወስዳ ነበር፤ አዲስ የመጣች ትንሽ መመርመሪያ ማሽን ደሙን አንብባ ቁጥር ታወጣለች። ሴትየዋ ወረቀቱን ይዛ ስትገባ እናትየው ገበያ ሄዳለች። ባትሪ ጠጋኙ ብቻውን ነበር።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ እስቲ» አለችው። ዛሬ አልቀለደችም። «የልጅህ ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ሌሎቹም አለባቸው፣ የእሷን ያህል ግን የማንም የለም። ከዚህ ከጓሮህ ነው።»

«ከየት?»

«ከጭሱ፣ ከአቧራው፣ ከልብስህ። ድስቱን ዛሬውኑ አንሳ። ልጅቷን ከዚህ አርቅና በዚህ ሳምንት ትልቁ ሆስፒታል ውሰዳት፤ መድኃኒት አለው፣ ከዘገየ ግን ጭንቅላቷን ይይዘዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ።»

ደሙ ፈላ። ሃያ ዓመት የኖረበት ሙያ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ሲሰደብ ምን ይበል? «ሃያ ዓመት ሙሉ በእጄ ሳቦካው እኔን ምን አደረገኝ? ልጄን ያሳደጋት ይኸው ብረት ነው! የእናንተን ፍሪጅስ ያቆመው ማን ሆነና? የራሳችሁ ባትሪ እኮ እዚያ ድስት ውስጥ ነው ያለው!»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች፣ ድምጿ ወረደ። «እሱን ሳስበው ነው ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁት። እኛም ነን ያላየነው። ግን ልጅቷን...»

«እሺ፣ እሺ። ባትሪያችሁን ልጨርስና ቅዳሜ አልፎ እወስዳታለሁ።»

ወረቀቱን ተቀበላትና መፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ከሽቦዎቹ ሥር ከተተው። ለሚስቱ አልነገራትም። ሁለት ሽል የወረደባት ሴት «ከአንተ ነው» ስትለው ፊቷን እንዴት ያየዋል? ፈራ። ከዚያ በላይ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ፈራ። ሰው ከፈራ ደግሞ ጆሮውን ዳባ ያለብሰዋል።

ሐሙስ ዕለት ፈንዲሻ ሆዷን ይዛ ተንሰቀሰቀች። ምን ያድርግላት? የሚያውቀው አንድ ማባበያ ብቻ ነው። አንድ ጠብታ አፍስሶ እስከዛሬ ከሠራቸው ሁሉ ትንሿን፣ ከጥፍር የማትበልጥ ዓሣ ሠራላት። አንዳች ነገር ውስጡ ሆኖ «አትስጣት» ይለዋል፤ ልጅቱ ግን ዓሣዋን ስታይ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ የሚነጥቅ አባት ማን አለ? ሰጣት። ወዮ አባት! ወዮ ፍቅር!

ቅዳሜ ጠዋት እናትየው ፀጉሯን ስትሠራላት ልጅቱ ድንገት ደረቀች። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ጥርሷ ገጠመ፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ልጄን! ልጄን!» የሚለው ጩኸት ወንበር ሠሪውን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ መንገደኛውን ሁሉ ሰበሰበ። በሰው መኪና ጭነው ሆስፒታል አደረሷት። ሐኪሙ ራጅ አስነሳትና ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለው። ጎድን አጥንቷ እንደ ጥላ ደብዝዟል፤ ከሥሩ ሆዷ ውስጥ ግን አንዲት ነጭ ነገር ቦግ ብላ ትታያለች።

«ይሄ ምንድነው? ምን ውጣለች?» አለ ሐኪሙ።

እናትየው ጠጋ ብላ አየች። ክንፍ አላት። ጅራት አላት።

«ዓሣ ናት» አለች።

ሐኪሙ ሴትየዋ ከድንጋጤ ብዛት የምትቃዥ መሰለው። ባልየው ግን የእጁን ሥራ አወቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«መርዙ ጭንቅላቷ ደርሷል» አለ ሐኪሙ። «የምንችለውን እናደርጋለን። ግን እንዲህ በአንድ ቀን አይመጣም እኮ፤ ቀደም ብሎ ማንም አልነገራችሁም?»

«ማን ይነግረናል ዶክተር?» አለች እናት። «ማን አለን?»



«ለእኔ ተነግሮኛል» አለ ባትሪ ጠጋኙ፣ ከወለሉ ላይ።

ሚስቱ አልጮኸችም። አልመታችውም። ዘወር ብላ አየችውና ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ምነው በጮኸች ኖሮ!

ሦስት ቀን ታገሏት። ዓሣዋ ወጣች፣ መርዙ ግን ቤቱን ሠርቶ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ባልየውን ከእግር እስከ ራሱ አስታጥባ፣ ንጹህ ልብስ አልብሳ አስገባችው። ልጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠጋት። ፈንዲሻ ዓይኗን ሳትከፍት ፊቷን ልብሱ ውስጥ ቀበረች፤ አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ግንባሯ ተኮማተረ።

«አንተ አባዬ አይደለህም» አለች በሰለለ ድምፅ። «አባዬን ጥሩልኝ...»

«እኔ ነኝ የኔ እናት! እኔ ነኝ! ታጥቤ ነው!»

«አባዬን ጥሩልኝ...»

«እኔ ነኝ» እያላት ሳትሰማው አለፈች። ልጁን ሳይታጠብ ሲያቅፍ የኖረ ሰው ለአንዴ ቢታጠብ ልጁ ሳታውቀው ተለየችው። ከዚህ የከፋ ምን ቅጣት አለ?

ከቀብር ሲመለስ ድስቱን በመዶሻ ሰባበረው። የጤና ባለሙያዋ እንዳለችው የጓሮውን አፈር ጠርቦ አስወሰደ፣ ሲሚንቶ አፈሰሰበት፣ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። የልጁን ዓሣዎች ከፍራሹ፣ ከጫማዋ፣ ከመስኮቱ ደፍ እየለቀመ ለባለሙያዋ ሰጣት። ውሃ በርሜሉን ግን ማንም አላነሳውም፤ ሙሉ ነበር፣ ከባድ ነበር፣ ሐዘንተኛ እጅ ደግሞ ጉልበት የለውም፤ ሥሩ ያለው አፈር እንዳለ ቀረ። እሱ የመጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሚስቱ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ታነሳለታለች፤ ከ«እንካ» እና ከ«በላህ?» ውጪ ቃል አይወጣትም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን ወንድ ልጅ ተወለደ። ደህና ነበር፣ ደሙ ንጹህ ነበር። አባትየው ግን አላቀፈውም። ከሥራ ሲመጣ እጁን ይታጠባል፣ ደግሞ ይታጠባል፣ ቆዳው እስኪላጥ ያሸዋል፤ ከዚያ ጥግ ተቀምጦ ልጁን ከሩቅ ያያል። ሕፃኑ ድክ ድክ እያለ ሲመጣበት «አትጠጋኝ!» ብሎ ይጮሃል። ልጁ ያለቅሳል። እሱም ያለቅሳል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሕፃኑ ከጓሮ እየተውተረተረ ገባና እንደ እህቱ ወደ አባቱ ጭን አቀና። ሰውየው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ያኔ ሚስቱ የምትከትፈውን ሽንኩርት አስቀመጠች፣ ልጁን ብድግ አድርጋ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው፤ የባሏን የላላ እጅ አንስታ በልጁ ወገብ ዙሪያ አደረገችለት።

«ያዘው» አለችው። «ይበቃሃል። ታጥበሃል።»

ያ ሰው እንዴት እንደተንሰቀሰቀ! የሦስት ዓመት እንባ በአንድ ጊዜ ወጣ። ፊቱን በልጁ ፀጉር ውስጥ ቀበረ። ሕፃኑን ኮረኮረው መሰለኝ፣ መሳቅ ጀመረ። ጧ ጧ እያለ፣ ልክ እንደሷ። ባልና ሚስት ተያዩና እያለቀሱ ሳቁ።

«እጁ ምን ይዟል?» አለች እናት።

ትንሹ ቡጢ ጭብጥ ብሏል፤ ጣቶቹ መሃል እርጥብ አፈር አለ። አገጩም ላይ አፈር አለ። አባትየው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀ። ክንፍ አላት። ጅራት አላት። በርሜሉ ሥር ከርማ ጠቁራለች።

«አፉን ክፈቺው!» ብሎ ጮኸ። «አፉን!»

ሰው በፈንዲሻ ቀብር ዕለት «ዕድሏ ነው፣ የተጻፈ አይቀርም» እያለ ነበር ያጽናናቸው። ይሁን። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ሰማይ ላይ አላየሁትም፤ ያየሁት መፍቻ ሳጥን ውስጥ ከሽቦ ሥር ነው፣ አንብቡኝ እያለ። ባልና ሚስቱ ልጁን ተቀባብለው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ቀጭኗ ሴት ምንም ሳትጠይቅ ከጣቱ ጠብታ ደም ወሰደች። መብራት ጠፍቶ ነበር። ከግድግዳው ሥር የክትባቱ ፍሪጅ ይንሿሿል፤ ባትሪው የባትሪ ጠጋኙ የመጨረሻ ሥራ ነው። ሁለቱ ወላጆች አግዳሚው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ማሽኗ ቁጥሩን እስክታወጣ ይጠብቃሉ። ሕፃኑ በአባቱ ጭን ላይ ሆኖ አሁንም ይስቃል።