የፍሬአብ የመጨረሻ ፋክስ

የፍሬአብ ሬሳ ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ የደረሰው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር፤ ያመጣው የቡና ድርጅቱ ሾፌር ቴዲ ነው። ፍሬአብ ሰኞ ቀትር ላይ ለሥራ ሄዶ፣ በነጋታው በእንግዳ ማረፊያው ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የአረም መርዝ የሚሸት ባዶ የብርዝ ጠርሙስ ነበር። ሚዛን ባለው ቢሮ ደግሞ በዚያው ጠዋት ፋክስ ማሽኑ ላይ አንድ ወረቀት ተገኘ። አናቱ ላይ የቴፒ ቅርንጫፍ ቁጥርና የሰኞ ምሽት ሰዓት አለው፤ ጽሕፈቱ የፍሬአብ ነው።

«እማዬ፣ ደክሞኛል። አትጠብቁኝ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ከተማው ራሱን አጠፋ ብሎ ደመደመ። ቄሶቹም ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም አሉ። ረቡዕ ጠዋት እናቱ ወይዘሮ አጸደ ፖሊስ ጣቢያ መጥተው የኢንስፔክተር ካሰችን ክንድ ያዙ።

«ልጄ እንደ ውሻ አይቀበርብኝ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ እውነቱን ንገሪኝ፣ የፈለገው ይሁን።»

ካሰች በቀላሉ ነገር የማይዋጥላት ሴት ናት። «ቃል አልገባም እማማ። ልጅዎ የጻፈልዎት ሌላ ደብዳቤ ካለ ግን ያምጡልኝ» አለች።

ቢሮው ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ቀርተዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ በላይነህ ላብ በላብ ሆነው ተቀበሏት።

«ኮምፒውተሩን ማን ያውቅበታል?»

«ፍሬአብ ነበር የሚያውቅበት። የፋክስ ሠራተኛችንን ይርዳውንም አስተምሮታል። እኔ እንኳን ልሠራበት ማብራቱንም አላውቅ።»

ጸሐፊዋ ፋና የፍሬአብ እጮኛ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ብርዙን ያዘጋጀሽለት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እስኪሄድ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ሁሉም እዚያ ያልፋል።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ቴፒ ውስጥ ሴት አለችው ተብዬ ቀንቼ ነበር» አለች ፋና አንገቷን ደፍታ። «ይርዳው ነው የነገረኝ። ሰኞ ሲሄድ እንኳ ደህና ሁን አላልኩትም።»

«ሰኞ ፋክስ ልካችኋል?»

«ለአዲስ አበባ የሚላክ ነበረኝ፤ ይርዳው ማሽኑን እየጠገንኩ ነው ብሎ ከለከለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ነበር።»

የፋክስ ሠራተኛው ይርዳው ጸጉሩን በደንብ ያበጠረ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው።

«ጎበዝ ልጅ ነበር» አለ። «እኔ ስምንት ዓመት የለፋሁበትን ወንበር በሦስት ወር ሥልጠና ወሰደው።» ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ፋና ቀለበት ሄዶ ቀረ። ካሰች ይህን ዓይን ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ታናሽ ባልደረባዋ ማዕረግ ሲሰጠው እሷም ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥታ፣ በራሷ አፍራለች።

ወጥታ ሾፌሩን ቴዲን ጠየቀችው። «ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጠህ ሬሳ ይዘህ ከምትመጣ ቀድመህ ለምን አልደወልክም?»

«በምን ልደውል? ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ዛፍ ወድቆ የቴፒን መስመር በጥሶታል። እስከ አሁንም አልተቀጠለም።»

ቴሌ ሄዳ አጣራች፤ እውነት ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ አጸደ የደብዳቤዎቹን ጥቅል ታቅፈው ተቀመጡ።

«የቴፒ መስመር ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ተቆርጧል» አለች ካሰች። «ይህ ፋክስ ግን ማታ መጣሁ ይላል። እዚህ አገር ወደ ቴፒ ፋክስ የሚልክም የሚጠብቅም ሰው መጀመሪያ ቴሌ ደውሎ ‹መስመር አለ ወይ?› ይላል። ይህን የሠራ ሰው አልጠየቀም። መስመር አላስፈለገውማ።»

«ያለ መስመር እንዴት ይሆናል?» አሉ አቶ በላይነህ።

«የፋክሱ ገመድ ቀጥታ ከኮምፒውተሩ ሞደም ጋር ከተገናኘ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ማሽኑ ወረቀት አንብቦ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፤ እዚያ ጽሑፉ እንደተፈለገ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፤ ከዚያ ተመልሶ በማሽኑ ይወጣል። አናቱ ላይ የፈለጉትን ቁጥርና ሰዓት መጻፍ ይቻላል።» ወረቀቱን አነሳች። «እዚህ ላይ ‹እማዬ› ሁለት ጊዜ አለ። ሁለቱም ላይ የ‹ማ› እግር አንድ ቦታ ላይ ተሰብሯል። የሰው እጅ አንድን ቃል ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጎ አይጽፍም።»

ፋና አፏን በእጇ ያዘች።

«ፍሬአብ አዲስ አበባ ሲሠለጥን እናቱ ስልክ ስለሌላቸው በዚህ ፋክስ ይጽፍላቸው ነበር። ደብዳቤዎቹ እነዚሁ ናቸው። አንዱ ‹ትምህርቱ ደክሞኛል› ይላል። ሌላው ‹ለፋሲካ አትጠብቁኝ፤ እማዬ፣ ይቅር በይኝ› ይላል። ማሽኑ ላይ እየተቀበለ ቅጂ የሚያስቀር አንድ ሰው ነበር። ኮምፒውተሩንም የሚያውቅ እሱ ብቻ ቀርቷል። ይርዳው፣ ብርዙ ውስጥ መርዝ ጨምረህ ሸኘኸው። ገመዱን ነቅለህ ስለነበር የቴፒ መስመር መቆረጡን እንኳ አልሰማህም።»

ይርዳው ወደ ሌላ ማንንም አላየም፤ ፋናን ብቻ።

«ስምንት ዓመት!» አለ፤ የለሰለሰው ድምፁ ተሰነጠቀ። «ስምንት ዓመት ምሳዬን ካንቺ ጋር በላሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ወንድ አላየሽኝም። እሱ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሳቅሽለት። ገመድ መቀጠሉን ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ‹ወንድሜ› እያለ። ያቺ ‹ወንድሜ› የምትል ቃሉ ናት ያቃጠለችኝ።»

ካሰች እጆቹን አሰረች። ወይዘሮ አጸደ ቀስ ብለው ተነሥተው ከፊቱ ቆሙ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «‹ለፋሲካ አትጠብቁኝ› የሚለውን ቤቴ መጥተህ ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ሳለቅስ አጽናናኸኝ፤ እራት አበላሁህ።»

ካሰች ሰዓቷን አይታ፣ «እማማ፣ ቄሶቹ ጋ አብረን እንሂድ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለች።

ወይዘሮ አጸደ ራመድ ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«እኔስ ለማን ልናዘዝ?» አሉ መቃኑን ይዘው። «ጥሎኝ ሄደ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስረግመው አደርኩ።»