ያልተነካው ቅል

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ መደባቸው ላይ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ውሃ የሞላ ቅልና ቆሎ የሞላ ሙዳይ ነበር። ሁለቱም አልተነኩም።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ምሽጉ ወጥቶ መንደሩን ሊያቃጥል ነው ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ዋሻዎች ሸሽቶ ሰንብቶ ነበር። ጦሩ መንገድ ቀይሮ በደብረ ኤልያስ በኩል ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከብቱ ተርፏል፤ እህሉ ተርፏል። የጎደሉት እኒህ አሮጊት ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ፈንታ ደረቱን እየደቃ ወዲያው ገዳይ አገኘ። እናቱን ስትጦር የኖረችውን ጤናዬን በጠፍር አስሮ ደጃፍ ላይ ጣላት። እማሆይ ርስታቸውን ለጧሪያቸው ለመስጠት ቃል ገብተው ነበርና፣ «ለርስቱ ብላ ጥላቸው ሸሸች፤ ደሟን ሳላፈስ እህል አልቀምስም!» ብሎ ማለ። የሰው ያለህ! ለደም እንዲህ የሚቸኩል ልጅ ለአንድ ጭልፋ ሙቅ የት ነበር?

ዳኛ እንዳላማው ተጠሩ። ጣሊያን ሸንጎውን ካፈረሰ ወዲህ ከአርበኞች ጋር ጫካ ውለው፣ ሰው ሲጣላ እየወረዱ የሚዳኙ፣ ነገር የማያመልጣቸው ሽማግሌ ናቸው።

መጀመሪያ ሬሳውን አዩ። የእማሆይ አፍ ውስጥ አንድ ጥርስ የለም። ግራ እጃቸው ደረታቸውን ተሻግሮ፣ በቀኛቸው በግድግዳው ጥግ ወዳለው ቅል ተዘርግቷል። አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል። ዳኛው ጥርሳቸውን ነክሰው ወጡ።

«ጤናዬ፣ ለምን ትተሻቸው ሄድሽ?»

«ውሃ ልቀዳ ምንጭ ወርጄ ነበር፣ ጌታዬ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ ልጃቸው ማንጠግቦሽ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ‹ወንድሜ በበቅሎ ጭኗቸዋል፣ አንቺም ነፍስሽን አውጪ› አለችኝ። የፈንታ ቤተሰብ የገባው ከገደሉ ማዶ ነው፤ ተሻግሬ ማየት አልቻልሁም።»

«ምን ትመግቢያቸው ነበር?»

«ሙቅ ነዋ። በግራ ጎናቸው ተቀምጬ። ሲጠግቡ ግራ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው ይመርቁኛል። ‹እግዜር ግራ ቀኝ አይልም፣ ልጄ› እያሉ ይስቁ ነበር።»

ማንጠግቦሽ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ መለሰች። «አምና በሽታው ሲጥላቸው ያስታመምሁ እኔ ነኝ። ኋላ ጤናዬ ተረከበችኝ። የሸሸን ዕለት ፈንታ ‹ጭኛቸዋለሁ› አለኝ።»

«በዓይንሽ አየሽ?»

«አመንሁት።»

የዳኛው ፊት ጠቆረ። ፈንታን አስጠሩት።

«ውሸቷን ነው!» አለ ፈንታ። «እኔ ከብት ስነዳ ነበር። ያን ዕለት እቤታቸው አልገባሁም፤ ጤናዬ አለች ብዬ ነው።»

«በሌላው ቀንስ ትገባ ነበር?»

«እንዴታ! ቤቴ ከአጥራቸው ወዲህ አይደል? ቀኝ እጃቸውን አናቴ ላይ ጭነው ሳይመርቁኝ እርፍ ጨብጬ አላውቅም።»

«ቀኝ እጃቸውን?»

«በግራ ማን ይመርቃል፣ ጌታዬ?»

«እሱስ» አሉ ዳኛው።

ወዲያው መንደሩን በሙሉ ከእማሆይ ደጅ ሰብስበው አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይነሣም። ፈንታ ጋቢውን አደግድጎ ከፊት ተቀመጠ። ሰው መሳይ በሸንጎ!

«እማሆይን የገደላቸው ውሃ ጥም ነው» አሉ ዳኛው። «ውሃው ግን አጠገባቸው ነበር፤ በቀኛቸው። ማንጠግቦሽ፣ ቀኝ ጎናቸው እንዴት ነበር?»

«ካምና ጀምሮ በድን ነው። መገላበጥም አይችሉም።»

«ሰማችሁ? ያስታመሟቸው ሁለቱ ሴቶች ቅሉን በቀኛቸው አያኖሩም። ጥርስ ለሌላቸው አሮጊትም ቆሎ አያቀርቡም። የውጭ ሰው ቢያገኛቸው ኡኡ ብሎ ሰው ይጠራል እንጂ ስንቅ አስቀምጦ አይሄድም። ይህን ያደረገው እማሆይ መተኛታቸውን የሚያውቅ፣ ምናቸውን እንደ ታመሙ ግን የማያውቅ ነው። ከደጅ ቆሞ ‹እንዴት አደሩ› ብሎ የሚያልፍ ነው። ፈንታ፣ በየማለዳው አናትህ ላይ የተጫነው የትኛው እጅ ነበር?»

ሸንጎው አጉረመረመ። ፈንታ ላብ አጠመቀው።

«ተመልሼ ልወስዳቸው ነበር! በቅሎዋ ጤፍ ተጭና ነበር...»

«ጤፉን ማውረድ አቃተህ?»

ፈንታ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

«ለእህትህ ‹ጭኛቸዋለሁ› ያልሃት ማንም ተመልሶ እንዳያያቸው ነው። ውሃና ቆሎውን ያኖርኸው ኅሊናህን ልታባብል ነው። ጣሊያን ቤቱን ያቃጥለዋል፣ ሞታቸውም በእሱ ይሳበባል፣ ርስቱም ቃላቸው ሳይጸና ለጤናዬ ሳያልፍ ይቀራል ብለህ። ጣሊያን ሳይመጣ ቢቀርብህ ጤናዬ ላይ ዞርህ። ጣሊያንስ ጠላት ነው፤ አንተ ምን ነህ?» ወደ እህቱ ዞሩ። «አንቺም ማንጠግቦሽ! ወሬ እናት ይሸከማል? እናቱን በሰው እጅ የተወ ዞሮ በዓይኑ ያያል። እኛስ፣ ዋሻ ውስጥ ‹እማሆይ የት ናቸው?› ያለ ሰው ከመካከላችን ነበር?»

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ይህን አሟሟት መንደሩ ሁሉ ተካፍሎታል።

ዳኛው ጤናዬን በገዛ እጃቸው ፈቱ። ርስቱ የጧሪዋ ነው ብለው ፈረዱ፤ ጠፍሩንም ከቀብር በኋላ ፈንታን እንዲያስሩበት ለጎበዞቹ ሰጡ።

ቃሬዛው ሲነሣ ፈንታ ተንደርድሮ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ቦታ የለቀቀለት የለም።

«በቁማቸው ያልተሸከምሃቸውን ዛሬም አትሸከምም» አሉት ዳኛው።

ጤናዬ ጠፍር ያሳበጠውን እጇን ከቀኝ በኩል አስገባች። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም ያለ አልነበረም።