ስምንት ሲቀነስ

ጋሼ ጋረደው ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ 1937 ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ወርቅውሃ ወረቀቷ ላይ የጻፈችው 1938 ነበር።

«የዛሬውን መልስ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ መምህሩ። «ዘኪያ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ወርቅውሃም ጓደኛዋ ናትና አብራ አጨበጨበች፤ ልቧ ግን እርር ብሏል።

ጋሼ ጋረደው ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ «በዛሬዋ ቀን ምን ሆነ?» እያለ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹን «ከጭንቅላቴ ነው የማወጣቸው» ይላል፤ መልሶቹን ግን ለማንም በማያሳየው ደብተር ጽፎ ይይዛል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር። ኋላ ግን በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከካምፑ ስደተኞች መካከል አንድ ልጅ ሊቀበል ፈቀደ፤ መምህሩም በጥያቄዎቹ የበለጠውን ሊልክ ወሰነ። የካምፑ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ወርቅውሃ ደግሞ ስድስተኛን ጨርሳ እንደገና እየተማረችው ነው። እስከ ትናንት ዘኪያ በአንድ ነጥብ ትመራት ነበር፤ አሁን በሁለት ሆነ። ውጤቱ ቅዳሜ ይነገራል።

እስከ ትናንት የሚጠይቀው የሰውና የአገር ስም ነበር፤ ዓመት ሲጠይቅ የዛሬው የመጀመሪያው ነው፤ ቀላልም ነበር። ዛሬ ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1978 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዛሬዋ ቀን የተመሠረተው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? የካምፑ ክሊኒክ ድንኳን ላይ ፈረንጆቹ «40» የሚል ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ነርሷም ድርጅቱ አርባ ዓመት ሞላው ብላለች። ከሰባ ስምንት አርባ ሲቀነስ ሠላሳ ስምንት ነው። ታዲያ ሠላሳ ሰባት ከየት መጣ?

እጇን ልታነሣ ስትል አንድ ሐሳብ ያዛት። መምህሩ ይሳሳት፤ ሰው ነው። ግን ዘኪያ ያንኑ ስሕተት እንዴት አገኘችው? በስደቱ መንገድ ላይ በወባ የሞተው የወርቅውሃ አባት መምህር ነበር፤ ልክ የሆነ መልስ ብዙ ሰው ሊያገኘው ይችላል፣ ኮራጅን የሚያጋልጠው ስሕተቱ ነው ይል ነበር። እጇን መልሳ አወረደች።

ከክፍል ሲወጡ ዘኪያን ክንዷን ያዘቻት።

«ሠላሳ ሰባትን ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ ነው የነገረኝ አልኩሽ እኮ። ኸላስ፣ በቃ አታድርቂኝ!»

የዘኪያ አባት ለሰሊጥ አጨዳ ሀዋታ ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። መልሱን በነፋስ ይልክላት ይሆን? ወርቅውሃ ወደ ክፍሉ ተመለሰችና ጋሼ ጋረደው ሰሌዳውን ሲያጠፋ ደረሰችበት። እጠረጥራለሁ ልትል ነበር የሄደችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ዘኪያ ደብተርዎን ስትገልጥ አይቻታለሁ።»

መምህሩ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። «በዓይንሽ?»

«በዓይኔ።»

ከሰዓት በኋላ ዘኪያ ዓይኗ ቀልቶ ወርቅውሃ ድንኳን መጣች። ስሟ ከውድድሩ ተሰርዟል።

«ጋሼ ሌባ አለኝ! አንዱ ምቀኛ ነው የነገረው፤ ማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም አለ። ወላሂ ወርቄ፣ ደብተሩን ነክቼ አላውቅም። አንቺ ታምኚኛለሽ አይደል?»

«አምንሻለሁ» አለች ወርቅውሃ።

ግን ካልሰረቀች ከየት አመጣችው? በማግስቱ ዓርብ ነው፤ በሱዳን ደንብ ዓርብ ትምህርት የለም። ወርቅውሃ ማለዳ ተነሥታ ዘኪያን በሩቁ ተከተለቻት። ሌብነቷን በእርግጥ በዓይኗ ብታይ ትናንት የተናገረችው ውሸት መሆኑ የሚቀር መስሏታል።

ዘኪያ ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄደችም። የገዳሪፍ መኪኖች ከሚቆሙበት፣ ሱዳናዊቷ ኢንቲሳር ሻይ ከምትሸጥበት ዳስ ጀርባ ገባች፤ እጅጌዋን ሰብስባም ብርጭቆ ታጥብ ጀመር። ወርቅውሃ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ሆና አየቻት። ወንዶች በሚውሉበት ሻይ ቤት ልጁ ስትሠራ አባቷ ቢሰማ ካምፑ አይበቃቸውም። ለዚህ ነው የምትዋሸው!

ከሣሩ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ደግሞ፣ በክፍተቱ ሲታይ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ጋረደው! ጆሮውን ወደ ኢንቲሳር ሬዲዮ ጥሏል። ሬዲዮው በዓረብኛ «በዛሬዋ ቀን» ብሎ ጀመረና ቻይና የተባበሩት መንግሥታትን ወንበር ያገኘችበትን ዓመት ተናገረ። ዓርብ ቢሆንም መምህሩ እንደ ልማዱ 1971 ብሎ ጻፈ።

«ስምንት ሲቀነስ… ስልሳ ሦስት» አለ ለራሱ።

በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ወዲህ ዘኪያም ብርጭቆዋን እየነከረች «ስምንት ሲቀነስ ስልሳ ሦስት» አለች።

ወርቅውሃ አሁን ገባት። ሁሉም ወደዚህ የመጡት በጥር ነበር። ለራሽን ካርድ ሲመዘገቡ ጸሐፊው የፈረንጁን ዓመት ከሐበሻው ጋር ሲያስታርቅ «ስምንት ቀንስ» እያለ ካምፑን በሙሉ አስተምሮታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ማን ልብ ብሎት? እንቁጣጣሽም እንደ ማንኛውም ቀን የራሽን ማሽላቸውን፣ ዱራውን፣ ለመቀበል ሲሰለፉ ነው ያለፈው። ማንም ከማንም አልሰረቀም፤ ሁለቱም አንድ ሬዲዮ ሰምተው አንድ ዓይነት ተሳሳቱ።

ዝም ብትል ነገ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። ሰባተኛ ክፍል፣ ገዳሪፍ። ብትናገር የትናንቱ ነጥብ ለእሷ ይሆንና ከዘኪያ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዕጣ ነው። ያውም ጋሼ ጋረደው ውሸታም አልልክም ካላለ ነው። ፈራች። ከሁሉም የፈራችው ግን ዘኪያን ነው፤ «አንዱ ምቀኛ» ማን እንደሆነ ገና አላወቀችም።

መምህሩ ሻዩን ጨልጦ ደብተሩን አጠፈ። ወርቅውሃ ዳሱን ዞራ ፊቱ ቆመች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ደንግጦ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር እየሸጎጠ።

«ጋሼ፣ ትናንት ስለ ዘኪያ የነገርኩዎት…»

ከሣሩ ወዲያ የብርጭቆው ድምፅ ቆመ። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሚነገረው ሁሉ እንደሚያልፍ ወርቅውሃ ታውቃለች። ቢሆንም ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ስትገልጥ አይቻታለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን አላየሁም። ዋሽቼ ነው።»