ወደ ቀኝ የምትጎትት ጀልባ

ጀልባዋ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ቀኝ ታጥፋ ኩሬው ዳር የበቀለው ፊላ ውስጥ ገባች። ባሲማ አውራ ጣቶቿን ከሪሞቱ ቁልፎች ላይ አነሳች፤ ሞተሮቹ ዝም አሉ።

«እጅሽ ነው?» አለች ሰልሰቢል፣ ከአጠገቧ ቁጢጥ ብላ ውኃውን እያየች።

«ሁለቱንም እኩል ነው የተጫንኳቸው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችና ጫማዋን አውልቃ ጀልባዋን ልታወጣ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከመካነ ሰላም ወረድ ብሎ ለመስኖ በተቆፈረው ኩሬ ዙሪያ ከአምስት ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ተሰብስበዋል። የዘንድሮው የፈጠራ ሥራ ውድድር በሪሞት የሚነዳ ጀልባ ነው። ውኃው ላይ በተንሳፈፉት ቢጫ ጀሪካኖች ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞረው አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ደሴ ሄደው ይወዳደራሉ። የሚጀመረው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ጀልባዋ ለምን ወደ ቀኝ እንደምትጎትት ባሲማ ታውቃለች። ደግሞም አላወቅሁም ብላ ራሷን ለማሳመን ከጠዋት ጀምሮ ስትታገል ቆይታለች።

ሁለቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰልሰቢል የሼህ ሱሌማን ልጅ ናት። አባቷ ቁርኣን ያቀራሉ፤ አንዲት ፊደል ስትዛነፍ አንቀጹን ከሥሩ መመለስን የለመደችው ከእሳቸው ሳይሆን አይቀርም። ጀልባዋንም የሠራችው እንደዚያ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች አንድ ሞተር ሲገጥሙ እሷ «ሁለት» አለች። አናጢው ጋሽ አህመዲን ዘንድ ሄዳ ከተበላሹ ድሪሎች ሁለት ሞተር ለምና አመጣች። የጀልባዋን አካል ከፍሪጅ ማሸጊያ ፎም ቀረጸችው፤ በላዩ ስስ ጨርቅ በኮላ አራት ጊዜ ደራርባ ፈግፍጋ አለሰለሰችው። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ የሠራችው፣ ፍጥነት ስትጨምር ከውኃው ብድግ እንድትል ነው።

ባሲማን ከሁሉም በላይ ያስገረማት የፕሮፔለሮቹ ነገር ነበር። «ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ጀልባዋን ይጠመዝዟታል» አለቻት ሰልሰቢል። «አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ከዞረ ግን ይቻቻላሉ።» ወደ ግራ የሚዞረው ገበያ ላይ ሲጠፋ፣ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ ሁለቱንም ራሷ ሠራቻቸው። የክንፎቹን ጥምዝ በፕሮትራክተር ትለካለች፤ አንድ ዲግሪ ከበለጠ ወይም ካነሰ ትጥለዋለች። ስድስት ጥንድ ጥላለች። ሰባተኛውን ጥንድ ግን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው፣ አንዱ ሌላውን በመስታወት የሚያይ ነበር የሚመስለው።

ጀልባዋ መሪ የላትም። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን ሞተር ቁልፍ ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ወደ ቀኝም እንዲሁ። ሲነገር ቀላል ነው እንጂ ሰልሰቢል ራሷ ሞክራ አቅቷታል። ባሲማ ግን በአንድ ከሰዓት ለመደችው። «ነጂዋ አንቺ ነሽ፣ አለቀ» ስትላት፣ ባሲማ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም።

ኩራቷ ነው ጣጣ ያመጣባት። ጀልባዋ እነባሲማ ቤት እንድታድር ሰልሰቢል ሐሙስ ሰጥታት፣ «እስከ ቅዳሜ አትንኪያት» ብላ ነበር። አርብ ከሰዓት ኸባብና የክፍላቸው ልጆች መጡ። «ነጂ ነኝ ስትይ ዝም ብሎ ጉራ ነው ወይስ እውነት ነው?» አለ ኸባብ። ባሲማ ጀልባዋን ይዛ ወደ ኩሬው ወረደች። በሙሉ ኃይል ለቀቀቻት፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በመጨረሻው ዙር ላይ ግን ከውኃ በታች የነበረ ድንጋይ በቀኝ በኩል መታት። ጀልባዋ ዘለለችና መልሳ ደህና መሰለች። ባሲማ አጥባ፣ አድርቃ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል አስቀመጠቻት።

አሁን ሰልሰቢል ጀልባዋን ጭኗ ላይ ገልብጣ ፒንሳ አወጣች።

«የቀኙ ክንፍ ጥምዝ ያነሰው ይመስለኛል። ልጨምርለት ነው።»

«ከተሰበረስ?»

«ከተሰበረ ተሰበረ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሂሳቡን ሦስት ጊዜ ነው የሠራሁት።» ድምጿ ዝቅ አለ። «እንግዲህ ሦስት ጊዜም ተሳስቻለሁ ማለት ነው።»

ባሲማ፣ ሰልሰቢል ራሷን ስትጠራጠር ሰምታ አታውቅም። ፒንሳው ቆርቆሮውን ነከሰ።

«ቆይ» አለች። «ክንፉ አይደለም።»

ሰልሰቢል ቀና አለች።

«ትናንት አውጥቻት ነበር። ለእነኸባብ ላሳይ ብዬ። ድንጋይ መታት። በቀኝ በኩል።»

ባሲማ ስድቡን ጠበቀች።

«ሁለቱንም ቁልፍ ይዘሽ ነበር?»

«እ?»

«ስትመታ። በሙሉ ፍጥነት ነበረች ወይ?»

«ሙሉውን።»

ሰልሰቢል ፒንሳውን አስቀምጣ፣ ከሞተሩ ወደ ፕሮፔለሩ የሚሄደውን የቀኙን ዘንግ በጣቷ ቀስ ብላ አዞረችው። የዘንጉ ጫፍ በጥቂቱ ተወላገደ። የግራውን አዞረች፤ እሱ ቀጥ ብሎ ዞረ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ፈገግ እያለች። «ሂሳቤ ልክ ነው።»

ከዚያ ባሲማን አየቻት፤ ፈገግታው ከፊቷ ጠፋ። «ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ደደብ እያልኩ ስሳደብ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ትሰሚያለሽ።»

«አጥፍቻለሁ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉታው ይደርሳል። አሁን የሚያስፈልገን ሽቦ ነው።»

ዘንጎቹ የተሠሩት ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፤ መለዋወጫ ደግሞ አልያዙም። ባሲማ ሌላ ቃል ሳትጠብቅ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠች። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተደገፈ ብስክሌት አለ፤ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስላለፈች አባቷ ከደሴ ያመጡላት። ከኋላ ጎማው ሁለት ሽቦ ፈታች፤ አንዱ ቢበላሽ ብላ። ጎማው እንደሚጣመም ታውቃለች። ደረቷ እየነደደ ወደ ኩሬው ስትመለስ ሰልሰቢል ሞተሩን አውርዳ፣ የዘንጉን ቀዳዳ አጽድታ ጠበቀቻት።

የፊዚክስ መምህራቸው መምህር ጋሹ መጡ። «ምንድን ነው ይሄ? ለአራት ሩብ ጉዳይ እኮ ሆኗል።»

«ጀልባዋን ይያዙልኝ መምህር፤ እንዳትንቀሳቀስ» አለች ሰልሰቢል። መምህር ጋሹ ተንበርክከው ያዙላት። ሽቦውን ለካች፣ ቆረጠች፣ ውኃ እንዳያስገባ ቀዳዳውን በግሪስ ሞልታ አሳለፈችው። ፕሮፔለሩን አጥብቃ በጣቷ አዞረችው። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። አንድ ነገር አልወደደችለትም፤ ፈታ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ስባ፣ መልሳ አጠበቀችው። መምህር ጋሹ ሰዓታቸውን ማየት ትተው እጇን ነበር የሚያዩት።

ጀልባዎቹ ተሰለፉ። በመጀመሪያው ዙር ባሲማ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትጎትታለች ብላ ፈርታ አንዱን ጀሪካን በሰፊው ዞረችው፤ አራተኛ ሆኑ። «አብሽሪ» አለች ሰልሰቢል በጆሮዋ። «ቀጥ ብላ እየሄደችልሽ ነው። እመኛት።»

በሁለተኛው ዙር ባሲማ ሁለቱንም ቁልፎች እስከ መጨረሻው ተጫነች። የጀልባዋ አፍንጫ ብድግ አለ። ውኃውን መቅደድ ትታ በላዩ መንሸራተት ጀመረች፤ ከኋላዋ ሁለት እኩል ነጭ መስመሮች ተሰመሩ። ዳር ቆመው የነበሩት ሼህ ሱሌማን «ማሻአላህ፣ የማን ናት ይቺ?» ብለው ሲጠይቁ፣ «የልጅዎ ናት እኮ» አላቸው አንድ ሰው። ይህን እንደሰሙ ሌላ ሰው መልሰው ጠየቁ፤ ደግሞ ሲነገራቸው ለመስማት ነበር። ጀልባዋ ከፊቷ የነበሩትን ሁለት ጀልባዎች አለፈች። የአቀስታ ትምህርት ቤትን ሰማያዊ ጀልባ ግን እስከ ሦስተኛው ዙር መጨረሻ አልደረሰችባትም፤ በአንድ ክንድ ተቀድማ ሁለተኛ ገባች።

ከውድድሩ በኋላ፣ ከዳኞቹ አንዷ ወይዘሮ ብርሀንነሽ አንድ ቅጽ ሰጧቸው። «ደሴ የምትሄዱ ይህን ሙሉ። የደረሰ ብልሽት፣ ምክንያቱ፣ እንዴት እንደተጠገነ። የደሴ ዳኞች ቡድኑንም ነጂውንም የሚያጸድቁት ይህን አንብበው ነው።»

ሰልሰቢል ቅጹን ለባሲማ ሰጠቻት። «የእኔ ጽሑፍ አይነበብም። ‹ድንጋይ መትቷት ዘንጉ ጎበጠ› በይ፣ በቃ። ውሸት አይደለም።» ይህን ብላ ወደ አባቷ ሄደች።

ባሲማ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ‹ምክንያት› ከሚለው ፊት ያለው ባዶ ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሰልሰቢል ያለቻት በትክክል ይበቃዋል። እስክሪብቶውን ሳትጽፍበት ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ፊደሎቿን አሳንሳ ጻፈች፦ «አርብ ከሰዓት ነጂዋ ባሲማ፣ ሠሪዋን ሳታስፈቅድ ጀልባዋን አውጥታ ስትነዳ ከድንጋይ ጋር አጋጭታት የቀኙ ዘንግ ጎበጠ።»

አንዴ አነበበችው። ከሥሩ ‹እንዴት ተጠገነ› ይላል፤ ለእሱም የተተወው አንድ መስመር ነው፤ የሰልሰቢል እጅ የሠራው ግን በዚያ አያልቅም። ተነስታ ወደ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ሄደችና ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀች።