አንድ ምላጭ ለሁለት

ይኸውላችሁ ልጆቼ፣ ውድነሽ የምትሠራበት ክፍል በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነበር፤ ማይክሮስኮፑ ብርሃን አይወድማ። መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ታፍኖ፣ የሙጫው ሽታ ጉሮሮ እየከረከረ፣ ከግድግዳው ወዲያ የተደረደሩት ኮምፒውተሮች እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ። ሥራዋ ከሰው የተቆነጠረች ሥጋ በሙጫ አድርቃ፣ ከፀጉር አሳስታ እየላጠች ለማይክሮስኮፑ ማቅረብ ነው። ኮምፒውተሮቹ የልጣጮቹን ፎቶ አንድ ባንድ ይገጣጥሙና ሥጋውን ከነውስጡ መልሰው ስክሪኑ ላይ ያቆሙታል።

ያን ሰሞን የምትልጠው የገዛ ወንድሟን ነበር። ደምመላሽ እግሩ ከድቶት አልጋ ላይ ከዋለ ከርሟል፤ ሐኪሞቹ ምክንያቱ ቢጠፋቸው ከጭኑ ቆንጥረው ላኩላት። ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሥጋ ሲያስፈልግ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ልማድ የሚሰጠው ሠራተኛው ራሱ ነውና፣ እሷም ከጭኗ አስቆነጠረች። ምላጩ አንድ ነው፤ የእሱን ላጠችበት፣ አጠበችው፣ የራሷን ላጠችበት።

የደምመላሽ ሥጋ ስክሪኑ ላይ ሲቆም፣ መሐሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ዶክተር፣ ይኼ ምንድነው?» አለች።

አለቃዋ ዶክተር ስንቅነህ ጎንበስ ብለው አዩት። «ፀጉርሽ ይሆናላ! ሻሽሽን ጠበቅ አድርጊ» ብለው ሳቁባት።

ሻሿን አጠበቀች። ከዚያው ቁራጭ ሌላ ልጣጭ አንስታ እንደገና አስገጣጠመች። ክሩ ተፈትቷል። በማግስቱ ስታስገጣጥም ጫፉ ወደ ዳር ተጠግቷል። በሙጫ የደረቀ ሥጋ ሙት ነው፣ ሙት ደግሞ አይላወስም እያለች ራሷን አጽናናች። በሦስተኛው ቀን ክሩ የለም። የቀረው ባዶ መንገዱ ነው፤ ሥጋውን ሰንጥቆ ምላጩ እስከነካው ዳር ድረስ ይሄድና እዚያ ያበቃል።

ስልኳ ጮኸ።

«እታለም! ቆሜ እኮ ነው የማናግርሽ!» ደምመላሽ ነው። «ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት! ነይና እሩጫ እንግጠም፤ መቼም ያንቺ እግር ሰነፍ ነው!»

ለዚህች ቀን ስንት ስለት ተስላለች! እንባዋ ፊቷን አጠበው። ከወንበሩ ልትነሳ ተንጠራራች፤ ተመልሳ ቁጭ አለች።

ከጎኗ ያለው ስክሪን ያን ጊዜ የእሷን ሥጋ አቁሞ ጨረሰ።

«ምነው? አትመጪም እንዴ?»

ውድነሽ መሐሉ ላይ ተጠቅልሎ የተኛውን እያየች፣ የማይታዘዛትን ጭኗን በሁለት እጇ እንዳቀፈች፣ «መጣሁ ወንድምዬ፣ አንተ ብቻ እንዳትቀመጥ» አለችው።