በአንድ መቃብር ሁለት ጥርስ

ንፋሱ ድንኳኑን ነቅሎ ሲወስደው የአጥንት ተመራማሪዋ የብረት ሣጥኗን አቅፋ አሸዋው ላይ ተደፋች። ሣጥኑ ገና ባዶ ነበር። የሚሞላው መቃብር የሚቆፍሩ ወርቅ ፈላጊዎች ሳይቀድሟት ተራራው ላይ ካለው ዋሻ ከደረሰች ነው፤ እዚያ በአንድ መቃብር ሁለት የጥንት ሰዎች ተኝተዋል። በምን በሽታ እንደሞቱ በእርግጠኝነት የሚናገረው ጥርሳቸው ነው።

«ባዶ ሣጥን ታቅፎ የሚሞት ሰው ዛሬ አየሁ» አሉ ሽማግሌው መንገድ መሪ፣ አሸዋ እየተፉ።

«አልሞትኩም እኮ አባባ።»

«ገና ሁለት ቀን ይቀረናል!»

ተጓዙ። አሸዋው ከእግራቸው ሥር እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ተራሮቹ ጠዋት ቀርበው ቀትር ላይ ይርቃሉ። አመሻሽ ላይ ሦስት ጅቦች ከደረቀው ወንዝ ወጥተው ተከተሏቸው። ሽማግሌው ድንጋይ ወረወሩ፤ እሷ ሣጥኑን በመዶሻ ደበደበች። ጅቦቹ እንደ ጭስ በነኑ።

ዋሻው ሲደርሱ ግን ሁለት ወርቅ ፈላጊዎች መቃብሩን ከፍተው አገኟቸው።

«ቀድመንሻል እህቴ፣ ዞር በይ» አለ ወፍራሙ፣ አካፋውን አንሥቶ።

ተመራማሪዋ ሁልጊዜ ሥራ ስትጀምር እንደምታደርገው አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች፤ ጓንት በጓንት ላይ አጠለቀች። አካፋው አየር ላይ ቀረ።

«ምን ሆነሽ ነው የምትሸፋፈኚው?»

«እነዚህ በበሽታ ነው የሞቱት» አለች። በሽታው ግን ከሺህ ዓመታት በፊት አብሯቸው እንደሞተ አልነገረችውም። እውነትን ግማሹን ብቻ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ለወርቅ ብዬ ሳንባዬን አልተፋም!» አለ ጓደኛው። እግሬ አውጪኝ ብለው ቁልቁል ሮጡ።

ሽማግሌውም እያፈገፈጉ ነበር።

«ይምጡ አባባ። የተሸፈንኩት ለሙታኑ ብዬ ነው፤ ጥርሳቸው ውስጥ ያለውን ማስረጃ የሚያበላሸው የእኔ ትንፋሽ ነው።»

«አይ አንቺ! በዚህ ዕድሜዬ ልታስሮጪኝ?»

ጎንበስ ብለው አዩ። የሴትዮዋን አከርካሪ ቲቢ፣ ያ በትንፋሽ የሚተላለፈው ነቀርሳ፣ በልቶት እንደ ማጭድ ጎብጧል። የሰውየው አጥንት ቀጥ ያለ ነው፤ ክንዱ ከአንገቷ ሥር ነው።

«እሱስ በምን ሞተ?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አለች፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ጥርስ ወሰደች፣ መቃብሩንም መልሰው ሸፈኑት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከቤተ ሙከራው ደወለችላቸው።

«አባባ፣ የእሱም ያው ነቀርሳ ነው።»



«ከእሷ አልሸሸም በይኛ» አሉ ሽማግሌው።

«አልሸሸም።»

በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሙታንን «ናሙና» ከማለት ሌላ ጽፋ አታውቅም። በዚያ ቀን ግን ሪፖርቷን «ሁለት ሰዎች» ብላ ጀመረች።